ያረጀ ውሻ ገመዱ ላይ ሲከፋ

በዋድላም ሆነ በላስታ ደጋ ውሻውን በገመድ ይዞ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው ብዙም አይታይም። ገመዱ ሌላ ሥራ አለው። ጎህ ሲቀድ ውሻው ከአጥሩ ሥር ወይም ከጎተራው አጠገብ ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። ቀን ታስሮ በመዋሉ አላፊ አግዳሚው በሰላም ያልፋል፤ ሌሊት ተፈቶ በማደሩ ጅብና ሌባ ከግቢው ይርቃሉ። ከኮን ገበያ የሚመለሰው ገበሬም፣ ቁራሽ ፍለጋ ከደጅ ደጅ የሚዞረው የቆሎ ተማሪም የየግቢው ውሻ እስከ የት እንደሚደርስ በዓይኑ ለክቶ ያውቃል። ዋድላ የቅኔ አገር ነውና ተማሪ አይጠፋበትም፤ ተማሪና ውሻ ደግሞ የቆየ ጠብ አላቸው። ነገር የሚበላሸው ይህ ልክ ድንገት ሲፈርስ ነው። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ታስሮ እየዋለ ማንንም ሳይነካ የኖረ ውሻ አንድ ቀን ፍርፋሪ ይዛለት በመጣች የቤቱ ልጅ ላይ ይዘላል፤ ወይም በየቀኑ የሚያልፈውን ጎረቤት ገመዱ እስኪላጥ ድረስ እየተወረወረ ሊነክሰው ይሞክራል። ጎረቤቱ «አብዷል» ይላል፤ ባለቤቱ «አርጅቶ ከፋ» ይላል። መፍትሔውም ከሁለቱ አባባሎች ይቀዳል፦ አበደ የተባለው ይገደላል፤ ከፋ የተባለው ይደበደባል፣ ገመዱ ያጥርበታል፣ ካልሆነም ተፈቶ ወደማያውቀው አገር ይባረራል። በእኔ አስተያየት አራቱም መፍትሔዎች የሚስቱት አንድ ነገር ነው። በእርጅናው በድንገት የከፋ ውሻ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ፣ እንደታመመ ውሻ መታየት አለበት። ገመዱ ደግሞ ሁለት ጉዳት ያደርሳል፤ ሕመሙን ከባለቤቱ ዓይን ይሰውረዋል፣ የተሰወረውን ሕመም ደግሞ ወደ ንክሻ ይቀይረዋል።

ቅድሚያ የሚሰጠው የጎረቤቱ ጥርጣሬ ነው። ውሻ ጠባዩን በድንገት ሲቀይር በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ያለ ባለሙያ መጀመሪያ ስለ መገጣጠሚያና ስለ ጥርስ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የእብድ ውሻ በሽታ መሆን ይገባዋል። በሽታው ለአገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ እንደ ወረርሽኝ መነሣቱ፣ በ1903 ደግሞ አዲስ አበባ መግባቱ ተመዝግቧል። ዛሬም በኢትዮጵያ በየዓመቱ ወደ 2,700 ሰው፣ በዓለም ደግሞ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 ከመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ሰውም ውሻም አይድኑም ማለት ይቻላል። ታስሮ የሚውል ውሻ ከዚህ የተጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን ሌሊት ይፈታል፤ ሌሊት ከሌላ ውሻ፣ ከቀበሮና ከጅብ ጋር ይገናኛል። ንክሻው ድሮ ጠግጎ ባለቤቱ ከረሳው በኋላ፣ ከሳምንታት አንዳንዴም ከወራት በኋላ፣ በሽታው ይወጣል። ስለዚህ «የኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም» የሚለው ማስተባበያ በዚህ አገር ልማድ ብዙ ክብደት የለውም።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬው ትክክል ነው ማለት ዱላ ይነሣ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየ ለ10 ቀን ተይዞ ይታይ የሚል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቫይረሱ ወደ ምራቅ የሚደርሰው ውሻው ሊታመም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ በነከሰ ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረበት ውሻ በእነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ምልክቱን ያሳያል ወይም ይሞታል። 10 ቀን ሙሉ በልቶ ጠጥቶ በጤና የቆየ ውሻ በዚያች ዕለት ንክሻው በሽታ አላስተላለፈም። እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ «የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እያለ ውሻ ይቆይ ማለት ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» መልሱ ማቆየቱ የሚጠቅመው ውሻውን ብቻ ሳይሆን በመጀመሪያ የተነከሰውን ሰው መሆኑ ነው። የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይታጠባል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይጀምራል፤ 10 ቀኑን ተቀምጦ አይጠብቅም። ውሻው በሕይወት ካለፈ ክትባቱ ሊቋረጥ ይችላል። በዱላ ተቀጥቅጦ ከተቀበረ ግን የሚጠየቅ ነገር አይኖርም፤ ጭንቅላቱ በወቅቱ ወደ ላቦራቶሪ ካልደረሰ ሰውየው ሙሉውን ሕክምና መጨረስ ግድ ይለዋል። ከላስታ ተራሮች ይህን ጭንቅላት በበረዶ አሽጎ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚያደርስ ቤተሰብ ስንት ይሆናል? በግቢው ዛፍ ላይ በጠንካራ ሰንሰለት የታሰረ ሕያው ውሻ ከሁሉ የቀረበ ላቦራቶሪ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ ግን አይዘለልም። አንደኛው፣ ሁሉም ያበደ ውሻ አይናከስም። በሽታው መንጋጋውን አላልቶ፣ ምራቁን አዝረክርኮ፣ ድምፁን ቀይሮ ዝም የሚያሰኝበት መልክም አለው፤ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት ስለሚመስል ባለቤቱ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። እንዲህ ያለ ምልክት ወይም እንጨትና ድንጋይ መንከስ፣ ውኃ መዋጥ አለመቻል፣ የኋላ እግር መጎተት ከታየ የ10 ቀኑ ነገር ያበቃል፤ ማንም ሳይጠጋው የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠራት አለበት። ሁለተኛው፣ 10 ቀኑ የሚናገረው ስለ ነከሰበት ዕለት ብቻ ነው። ከሁለት ወር በፊት ተነክሶ በሽታውን ገና በውስጡ የተሸከመ ውሻ ፈተናውን አልፎ በሦስተኛው ወር ሊያብድ ይችላል። እንዶድና የምድር እምቧይ፣ ጠበልና የባህል ሐኪም ለዘመናት የተሞከሩት በእብድ ውሻ በሽታ ከመሞት ለማምለጥ ነው። ሰው በእምነቱ ጠበል መጠመቁን የሚከለክል የለም፤ ክትባቱን በጠበል መተካት ግን ሕይወት ያስከፍላል።

እንበልና 10 ቀኑ በሰላም አለፈ። ብዙው ሰው ጉዳዩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል፤ ውሻው አላበደም፣ ስለዚህ ክፉ ሆኗል፣ ስለዚህ ይመታ። የጥናት ማስረጃው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። በእንግሊዝ የሊንከን ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ሚልስ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዳሰሳ፣ በጠባይ ችግር ምክንያት ወደ ባለሙያ ከተላኩ እንስሳት ቢያንስ ሲሶ ያህሉ፣ በአንዳንዱ የሐኪም መዝገብ ደግሞ 80 ከመቶ የሚጠጉት፣ አንድ ዓይነት የአካል ሕመም ነበረባቸው። ይኸው የጥናት ቡድን ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2018 ድምፅ የሚፈሩ ውሾችን አነጻጽሮ ነበር። ሕመም ያለባቸው ውሾች ፍርሃቱን የጀመሩት ሕመም ከሌለባቸው በአማካይ አራት ዓመት ያህል ዘግይተው ነው። ናሙናው 20 ውሻ ብቻ ስለሆነ ብቻውን ብዙ አያስደፍርም። ከሌላው ማስረጃ ጋር ሲታይ ግን የሚጠቁመው ግልጽ ነው፤ በወጣትነቱ ያልነበረ ጠባይ በእርጅና ሲመጣ መነሻው አካሉ ውስጥ የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። በጽንፍ መተርጎም ግን አይገባም። ሲሶው ታማሚ ከሆነ ሌላው ብዙው አይደለም ማለት ነው፤ ደግሞም ሐኪም ዘንድ የሚቀርቡት የሀብታም አገር ውሾች የላስታን ውሻ ሙሉ በሙሉ አይወክሉም። በእኔ ግምት የዚህ አገር ቁጥር ቢለካ ከዚያ ከፍ ይል እንደሆነ እንጂ ዝቅ አይልም፤ ምክንያቱም እዚያ በጊዜ የሚታከመው እዚህ ሳይታይ ዓመታት ይከርማል።

በደጋው ግቢ የሚታሰር ያረጀ ውሻ ምን ምን ሊያመው እንደሚችል መዘርዘር አያስቸግርም። መጀመሪያ አንገቱ ነው። በቡችላነቱ የታሰረለት ጠፍር ወይም የላስቲክ ገመድ ሳይላላ ውሻው ካደገ ቆዳውን ሰንጥቆ ይገባል፤ ከጸጉሩ ሥር ያለው ቁስል ሲመግል ከሽታው በቀር ከሩቅ የሚያስታውቀው ነገር የለም። ልጅቱ ፍርፋሪውን አስቀምጣ ገመዱን ስትነካ የነካችው ቁስሉን ነው። ጥርሱ ይከተላል። ጾሙ ወጥቶ የፋሲካ በግ ሲታረድ ለወራት አጥንት ያላየ ውሻ በደረቅ አጥንት ላይ ይረባረባል። ያረጀ ጥርስ ይሰነጠቃል፣ ሥሩ ይመግላል፣ ከዚያ ወዲያ ምግቡ አጠገብ የሚደርስ ሁሉ ጠላት ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ የከፋ ውሻ አፉ ቢታይ አይከፋም፤ በእርግጥ የሚያየው ሰው አፉን አስቀድሞ ማሰር አለበት። መገጣጠሚያውም አለ። በውርጭ ሌሊት በድንጋይ ላይ የሚተኛ፣ ቀኑን ሙሉ በሁለት ክንድ ክብ ውስጥ የሚውል አካል ይደርቃል፤ ወገቡና ዳሌው የታመመ ውሻ ሲነሣ ያመዋል፣ ሲገፉትም ያመዋል። የጆሮው ጫፍ ዝንብ የበላው ቁስል፣ በምስማር የተወጋ መዳፍ፣ በድንጋይ የተመታ ጎድን ሲጨመርበት ዝርዝሩ ይበልጥ ይረዝማል።

ታዲያ ባለቤቱ ይህን ሁሉ እንዴት ሳያይ ቀረ? በዕለት ተዕለት ሥራው እንስሳ የሚያነብ ሰው ነው፤ በሬው ከማነከሱ በፊት አረማመዱን አይቶ ይገምታል፣ በጉ ገና መጋጥ ሲያቆም ያውቃል። ይህን ዕውቀት ውሻው ላይ እንዳይጠቀምበት ያደረገው ገመዱ ይመስለኛል። በሬ ያርሳል፣ ይሄዳል፣ ወንዝ ይወርዳል፤ አካሉ ሲደክም ሥራው ይመሰክራል። የታሰረ ውሻ ግን ቀን የትም አይሄድም፤ ሌሊት ሲሄድ ማንም አያየውም። ሰው ሳያየው ያነክሳል ማለት ይቻላል። ቢታወር እንኳ ከገመዱ ክብ ውስጥ ያለውን ጉድጓድና ድንጋይ በልማድ ስለሚያውቀው ሳይደናቀፍ ይኖራል። ስለዚህ ለባለቤቱ «ድንገት» የሆነው ነገር ለውሻው ከዓመት በፊት የጀመረ ሊሆን ይችላል፤ የዘለለበት ዕለት የመጨረሻዋ ዕለት ናት። ይህን ለመፈተን ገንዘብ አያስፈልግም። ባለቤቱ ጠዋት ከማሰሩ በፊት ውሻውን ጥቂት አስኪዶ ከኋላ ቢያየው፣ ሲነሣ የፊት እግሩን አስቀድሞ ኋላውን እንደሚጎትት፣ ደረጃ ሲወጣ እንደሚያመነታ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ እንደሚያኝክ ቢከታተል፣ በበሬው ላይ ያለውን ዕውቀት ወደዚህ አሻገረ ማለት ነው።

ዓይንና ጆሮም በዚሁ መንገድ ይሰወራሉ። የዓይን ሞራ የጋረደው ውሻ የሚመጣውን ሰው የሚለየው ዘግይቶ ነው። የመስማት ችሎታው ደግሞ ከስምንትና ከአሥር ዓመት ጀምሮ እየቀነሰ እንደሚሄድ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ልኬት አሳይተዋል። ድሮ ከአጥሩ ማዶ ኮቴውን ሰምቶ «ይህ ጎረቤት ነው» ብሎ የሚተኛው ውሻ አሁን ሰውየውን የሚያገኘው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ባንኖ ይነሣል፣ ሲነሣም ይናከሳል። አእምሮም ያረጃል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት 11 እና 12 ዓመት ከሞላቸው ውሾች 28 ከመቶ፣ 15 እና 16 ዓመት ከሞላቸው ደግሞ 68 ከመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ የመጃጃት ምልክት እንደነበራቸው ዘግቧል። ሌሊት ያለ ምክንያት መጮህ፣ የገዛ ቤተሰብን አለመለየት፣ ጥግ ላይ ፈዝዞ መቆም ከምልክቶቹ ናቸው። በደጋችን 15 ዓመት የሚደርስ ውሻ ጥቂት ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

አሁን ወደ ገመዱ ራሱ እንምጣ። የፈራ ውሻ መሸሽ ይችላል፣ መደበቅ ይችላል፣ መጋፈጥ ይችላል፤ የታሰረ ውሻ የሚቀረው ሦስተኛው ብቻ ነው። በቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በጎዳና የሚገናኙ ውሾችን ተመልክቶ፣ በማሰሪያ የተያዙት ካልተያዙት እጥፍ ያህል ጊዜ የማስፈራራት ጠባይ እንዳሳዩ ጽፏል። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ደግሞ ሰው የነከሱ ውሾች በግቢ ውስጥ በሰንሰለት የመታሰራቸው ዕድል ካልነከሱት በ2.8 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይቀርባል፤ ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም። የመጀመሪያው ክፉ ውሻ የሚታሰረው ክፉ ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ ገመዱ ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም ይላል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2001 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከተጠናው ይነሣል። በረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ 30 ውሾች በማሰሪያና በአጥር ውስጥ ተይዘው ሲነጻጸሩ፣ መታሰሩ ከአጥሩ ይበልጥ ጎድቷቸዋል የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም። ለመጀመሪያው መልስ የሚሆነው የያዝነው ጉዳይ ራሱ ነው። ውሻችን ለዘጠኝ ዓመት ታስሮ ሳይነክስ ኖሯል፤ ገመዱ አልተቀየረም፤ ስለዚህ የተቀየረው ሌላ ነገር፣ ምናልባትም አካሉ ነው። ገመዱ ብቻውን አያከፋም፤ የታመመን ግን ማምለጫ ይነሣዋል። የኮርኔሉ ጥናት ደግሞ የለካው የውሾቹን የዕለት እንቅስቃሴና አኳኋን ነው፤ እንግዳ ሰው ወደ አንድ የታመመ ውሻ ክብ ሲገባ የሚሆነውን አልለካም። ማሰርን ሁሉ በጅምላ ለሚያወግዝ ሰው ግን ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እኔም ገመዱ ከአገሩ ይጥፋ አልልም።

ይልቁንም ይጥፋ የምለው ዱላው ነው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 140 የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው ነበር። ውሻቸውን በመምታት ወይም በመርገጥ ለማረም ከሞከሩት መካከል 43 ከመቶ የሚሆኑት ውሻው መልሶ እንደተቆጣባቸው ተናግረዋል። «የደጋ ውሻ እንደ ፈረንጅ ውሻ አይደለም፣ ዱላ ያውቃል» የሚል ይኖራል። ዱላ ማወቁ እውነት ነው፤ ከዱላ የሚማረው ግን ማጉረምረሙ እንደሚያስመታው ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በዱላ የጠፋ ማስጠንቀቂያ ንክሻውን አብሮት አያጠፋም፣ ሳይነገር የሚመጣ ያደርገዋል። በታመመ ውሻ ላይ ደግሞ ዱላው በሕመም ላይ ሕመም ይጨምራል፤ ሰው ሲጠጋ እንደሚያመው የጠረጠረው ውሻ ጥርጣሬው ይረጋገጥለታል።

ከዚህ ሁሉ ጠንከር ያለው ተቃውሞ ስለ ውሻው ሥራ የሚነሣው ነው። የደጋ ውሻ የሚቀለበው እንዲናከስ ነው፣ ያልተናከሰ ውሻ ምን ይሠራል? ብዙ ቤት ቡችላውን ገና በሕፃንነቱ የሚያስረው ሰው እንዳይለምድና እንዲከፋ ብሎ ነው። ነገር ግን የጠባቂ ውሻ ዋጋው መለየቱ ላይ ነው። ጅብን ከበግ፣ ሌባን ከባለቤት፣ ሌሊትን ከቀን የሚለይ ውሻ ይጠብቃል። ቤተሰቡንም እንግዳውንም እኩል የሚናከስ ውሻ ጠባቂነቱ አብቅቷል፤ ዕዳ ሆኗል። ዕዳ ስል በምሳሌ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ያመለጠው በአጋጣሚ ቢሆንና ጉዳቱ ያልተጠበቀ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ለገና ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምእመን በየመንደሩ ሲያልፍና ሲያድር፣ መለየት ያቃተው አንድ ውሻ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማሰብ አይከብድም።

«የውሻ ሐኪም ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄም በቂ ምክንያት አለው። በየወረዳው ያለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ የተቋቋመው ለከብት፣ ለበግና ለጋማ ከብት ነው፤ ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚሳቅበት ቦታም አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ በሰሜን ወሎ ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። ይህ ሁሉ እያለ ከሚያስፈልገው ውስጥ ትልቁ ድርሻ መድኃኒት አይጠይቅም። ገመዱ ከመተላለፊያው ይራቅ፤ ውሻው የሚመጣውን ሰው ከሩቅ ማየት የሚችልበት፣ ጀርባውን ግን ግድግዳ የሚጠብቅለት ቦታ ይመረጥ። በሁለት እንጨት መካከል በተዘረጋ ሽቦ ላይ የሚንሸራተት ቀለበት ቢበጅ በአንድ ካስማ ዙሪያ ከመሽከርከር ያድነዋል። የአንገቱ ቀጭን ገመድ በሰፊ ጠፍር፣ ቢቻል በደረት በሚያልፍ ማሰሪያ ይቀየር። ከሥሩ ጭድ ይነጠፍ። የሚመግበው አንድ ትልቅ ሰው ይሁን፤ ከፊት ለፊት፣ ድምፁን እያሰማ ይምጣ፤ ለደነቆረ ውሻ ደግሞ እግርን ከመሬት መታ መታ ማድረግ ይረዳል። ልጆች የገመዱ ክብ ውስጥ አይግቡ፤ ክቡን በድንጋይ ማመልከት ይቻላል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ ይከልከል፦ ከቤት የተገኘ የሰው ማስታገሻ ክኒን። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ዳይክሎፌናክ የታከሙ ከብቶችን ጥንብ የበሉ አሞሮች በሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሊጠፉ ምን ያህል እንደቀረቡ የሚያውቅ፣ አሞራ ላልጠፋበት የላስታ ሰማይም ይሠጋል። ማስታገሻ ካስፈለገ ባለሙያው ለውሻ የሚያዘው ብቻ ይሰጥ።

አዲስ አበባ ላይ ወይም በውጭ አገር ከተሞች፣ ውሻ በማሰሪያ ተይዞ በሚወጣበት ቦታ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ ይኸው ነገር በሌላ መልክ ይገጥመዋል። ለዓመታት በሰላም ይራመድ የነበረ ያረጀ ውሻው ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር ማሰሪያውን እየጎተተ ይዘላል። ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፤ መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ አንገት የሚያንቀውን በደረት ማሰሪያ መቀየር፣ ከዚያ ርቀት። ሌላው ውሻ ገና ከሩቅ ሲታይ፣ የእርሱ ውሻ ሳይጮህ፣ የሚወደውን ቁራሽ መስጠት፣ ርቀቱን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያሉ ማጥበብ፤ የጠባይ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚስማሙበት መንገድ ይህ ነው። በታመመ ውሻ ላይ ግን ሥልጠናው ብቻውን አይሠራም፤ ጥርሱ እየመገለ ቁራሽ ቢሰጡት ምን ይማራል?

የቀረው አራተኛው መፍትሔ ነው፤ ፈትቶ ማባረር። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ከዱላው ይልቅ ደግነት የሚመስል ስለሆነም ይስባል። ከኮን ሰሜን፣ ከላሊበላ በላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ በሚወጣው በአቡነ ዮሴፍ ተራራና በአቦይ ጋራ የቀሩ ቀይ ቀበሮዎች አሉ። በዓለም ያሉት ሁሉ ተደምረው ከ500 አይበልጡም። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ከውሻ የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። ወደ ደጋው የተባረረ፣ ያልተከተበ፣ ያረጀ ውሻ ለእረኛውም ለቀበሮውም አደጋ ነው። መርዝም አማራጭ አይደለም፤ በከተሞች ለባዘኑ ውሾች ይጣል የነበረው ስትሪክኒን ውሻውን በአሰቃቂ ሁኔታ ከገደለ በኋላ ሥጋውን የበላውን አሞራና ጅብ ይከተላል። ሕመሙ የማይታገስ፣ መድኃኒቱም የማይገኝ ከሆነ የውሻውን ሕይወት በባለሙያ እጅ ማሳጠር ተገቢ ነው፤ ይህን ከልቤ የምለው ነው፤ ያረጀን አካል በገመድ ላይ ለወራት ማሰቃየት ርኅራኄ አይባልም። የውሻው ቦታ በሌላ ቡችላ ሲተካ ደግሞ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፣ ክትባቱም ይደገምለት፤ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 ከመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መዛመት እንደሚያቅተው ይታወቃል። የአንገቱ ጠፍር በሚያድግበት ጊዜ በየወሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዳለው ይታይ፤ ቀን ቀን ጥቂት ፈትተው ሲሄድ ይዩት፣ አረማመዱም ገና በልጅነቱ ይታወቅ።